በጎንደር ሥራ ይዞ፣ ልጅ አሳድጎ ወደ ዩኒቨርሲቲ መመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ከመሥሪያ ቤት፣ ከሱቅ ወይም ከቤት ኃላፊነት ጎን ለጎን ትምህርት ለመቀጠል ላሰቡ የጎንደርና የአካባቢዋ ሰዎች ነው። እኔም የማታውን የጨረስኩት ልጆች ወልጄ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ከዚያ ወዲህ ባልደረባም ጎረቤትም የሚጠይቀኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። መመሪያ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ከመክፈልዎ በፊት ሬጅስትራር ሄደው ያረጋግጡ።

ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል። አሁን መጀመር አይረፍድም?

የምዝገባ ማስታወቂያ የሚጠይቀው ማስረጃ ነው፤ የትውልድ ዘመን መቁረጫ ሆኖ አላየሁም። የማታ ክፍል ውስጥ ፖሊሱም፣ ነርሷም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው፤ ብቻዎን ትልቅ ሰው አይሆኑም። እንዲያውም «ዕድሜዬ ሄደ» የሚለኝን ሰው ትንሽ ካጫወትኩት ሌላ ነገር ይወጣል፦ የጠፋ ካርድ፣ ያልተዘጋ ዕዳ፣ ወይም ያኔ አንገት ያስደፋው ውጤት። ስለዚህ ከወረቀቱ እንጀምር።

ምን ምን ማስረጃ ልያዝ?

የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሰርተፍኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትራንስክሪፕት፣ ኮሌጅ ተምረው ከሆነ ዲፕሎማውንና የሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ማስረጃ፣ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ። ዋናውንም ኮፒውንም ይዘው ይሂዱ፤ ዋናውን ሳያዩ የሚመዘግቡ ጥቂቶች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚንገላታው ግን በጠፋ ወረቀት ሳይሆን በስም ፊደል ነው። «ፀሐይ» የምትባል ሴት በ10ኛ ክፍል ሰርተፍኬቷ ላይ ስሟ በ«ቲ» እና «ኤስ» ይጀምራል፤ በ12ኛው በ«ቲ» ብቻ፤ በፋይዳ መታወቂያዋ ደግሞ በ«ኤስ»። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሴቶች። የአያት ስም ላይም እንዲሁ ነው፦ አንዱ ወረቀት «ገብረ ሥላሴ»ን ለያይቶ ይጽፋል፣ ሌላው ያጣብቀዋል። ይህን ስመዘገብ አስተካክለዋለሁ ብለው አይተዉት። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ ልዩነት ካለ የትኛው ሰነድ ላይ እንደሚታረም ይጠይቁ። አንዳንዱ ሰጪው መሥሪያ ቤት ላይ በማመልከቻ ያልቃል፣ አንዳንዱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይፈልጋል። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ደግሞ የምዝገባ ቀን አይጠብቅም።

የብሔራዊ ፈተና ሰርተፍኬት ከጠፋብዎ ጉዳይዎ ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ጋር ነው። የፖሊስ ማስረጃ ይያዙ፤ የተፈተኑበትን ዓመትና ትምህርት ቤት በትክክል ያስታውሱ፤ የመፈተኛ ቁጥርዎ ከተገኘ ደግሞ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ቁጥሩ የተማሩበት ትምህርት ቤት መዝገብ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ፋሲለደስም ይማሩ አዘዞ፣ መጀመሪያ እዚያው ሄደው መዝገብ ቤቱን ይጠይቁ።

እኔ በድሮው ሥርዓት ነው የተፈተንኩት። ውጤቴ ዛሬ ይሠራል?

እንደ ዘመኑ ነው። የማትሪክ ዘመን ሰዎች አሉ፤ የ10ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ወደ መሰናዶ ወይም ወደ ቴክኒክና ሙያ የተበተኑ አሉ፤ ያ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ያሉት ደግሞ የ12ኛን ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ገብተው የሚወስዱና ማለፊያው ግማሽ፣ ማለትም 50 በመቶ የሆነባቸው ናቸው።

በአሠራሩ የሚታየው እርስዎ በተፈተኑበት ዓመት የነበረው መቁረጫ ነጥብ ነው እንጂ የዘንድሮው አይደለም። ስለዚህ «አሁን 50 ካልመጣ አይገባም አሉ» ተብሎ ቡና ላይ የሚወራውን ሰምተው ተስፋ አይቁረጡ። ሬጅስትራሩ ጋ የየዓመቱ መቁረጫ ዝርዝር አለ፤ የእርስዎን ዓመትና ጾታ ጠቅሰው ይጠይቁ፣ የሴትና የወንድ ነጥብ የተለያየባቸው ዓመታት ነበሩና።

ከ10ኛ ወደ ሙያ ሄደው ዲፕሎማ ወይም ሌቭል 4 ላይ ያቆሙ ከሆነ ሲኦሲ ማለፍዎን የሚያሳይ ማስረጃ የግድ ነው። ሲኦሲ ሳይወስዱ የቀሩ ብዙ አሉ፤ ያኔ ሥራ ስላገኙ አላስፈለጋቸውም። አሁን ያስፈልጋል። በዚህ በኩል ወደ ዲግሪ የመግባት መመሪያ ደጋግሞ ስለተለወጠ፣ «የዛሬ ሦስት ዓመት የአጎቴ ልጅ እንዲህ ገብቷል» የሚለው ወሬ ማስረጃ አይሆንዎትም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አቋርጬ ነበር። ከቆምኩበት መቀጠል እችላለሁ?

መጀመሪያ የሚጠየቁት እንዴት እንደወጡ ነው። ፎርም ሞልተው፣ ክሊራንስ ጨርሰው በዊዝድሮዋል (አስፈቅደው በማቋረጥ) ከወጡ ፋይልዎ ንጹሕ ነው፤ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ጠይቀው ክፍት ቦታ እስካለ ድረስ ይታይልዎታል። ዝም ብለው ዕቃዎን ሸክፈው ከሄዱ ግን በዚያ ሴሚስተር የተመዘገቡባቸው ኮርሶች ሁሉ ኤፍ ሆነው ሊጠብቁዎት ይችላሉ። በውጤት ተባረው ከሆነ ደግሞ የተባረሩበት ነጥብ ወሳኝ ነው፤ ለሪአድሚሽን የሚፈቅድ ዲስሚሳል አለ፣ ጨርሶ የሚዘጋም አለ።

ቀጥሎ ያለው ነገር ሰውን ያናድዳል፤ እኔም ቢሆን ትክክል ነው ብዬ አልከራከርም፤ ግን ማወቅ አለብዎት። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ሆኖ ተመልሷል፤ ብዙው ዲግሪም ከሦስት ወደ አራት ዓመት ረዝሟል። ስለዚህ ያኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቆመ ሰው ዛሬ ሲመለስ ሎጂክ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ግሎባል ትሬንድስ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚባሉ ያልወሰዳቸው ኮርሶች ይጠብቁታል። ፊዚካል ፊትነስም አለ፤ ጉልበትዎን የሚያምዎ ከሆነ የሐኪም ወረቀት ከመጀመሪያው ሳምንት ያስገቡ፣ ሜዳ ላይ ከልጆቹ ጋር መፎካከር አይጠበቅብዎትም።

የድሮ ኮርሶችዎ እንዲያዙልዎ ከፈለጉ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል። ይህ ወረቀት ከተቋም ወደ ተቋም ታሽጎ የሚላክ ነው፤ እጅዎ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይተካውም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ነገር ይመጣል፤ የወጪ መጋራት፣ ማለትም ተምረው በኋላ የሚከፍሉት የወጪ ድርሻ። በመደበኛው ፕሮግራም ካፌ በልተው፣ ዶርም አድረው ከሆነ ውል ፈርመዋል። ያ ዕዳ ሳይዘጋ ኦፊሻሉ አይወጣም። ስንት እንዳለብዎ ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ አስልተው ይወቁት፤ ብዙ ሰው እንደፈራው አይሆንም።

የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫ፣ ማለትም ኮርስ አውትላይኑን፣ አብረው ቢያመጡ ይጠቅማል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ይህ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል» ብሎ የሚፈርመው ይዘቱን አይቶ ነው እንጂ በስሙ ብቻ አይደለም።

ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ክረምት ወይስ ርቀት? የትኛው ይሻላል?

ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ክብደት አለው፤ ጀምረው የሚያቆሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያቆሙት ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን ሰዓቱ አልሆን ብሏቸው ነው።

ማታው ለመንግሥት ሠራተኛ ይመቻል ይባላል፤ በወረቀት ላይ እውነት ነው። 11:30 ከቢሮ ወጥተው ክፍል ገብተው እስከ ማታ 2:00 አካባቢ ይቆያሉ። የሚፈትነው ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ቤትዎ ፒያሳ ወይም ቀበሌ 18 ከሆነና የሚማሩት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ቤትዎ አዘዞ ከሆነ ግን ሚኒባሱ ሲሳሳ ባጃጅ በኮንትራት ይሆናል፤ በሳምንት አራትና አምስት ቀን ኮንትራት የሚከፍል ሰው ከትምህርት ክፍያው ያልተናነሰ ለባጃጅ እንደሚያወጣ ወሩ ሲያልቅ ነው የሚገባው። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በነበረው የጸጥታ ችግር የማታ እንቅስቃሴ የተገደበባቸው ጊዜያት እንደነበሩም አይርሱ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚቋረጠው የማታው ክፍል ነው። እንግዲህ ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከሚማሩበት ግቢ ደጃፍ ወደ ቤትዎ ይሞክሩት። ሴት ከሆኑ በተለይ አብራችሁ የምትመለሱ የሰፈር ሰው ክፍሉ ውስጥ ይፈልጉ።

ቅዳሜና እሁድ ለነጋዴ አይሆንም፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ቅዳሜን ለማንም አይሰጥም። ለቢሮ ሠራተኛ ግን እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ድካሙ ሁለት ቀን ላይ ይከመራል እንጂ በየቀኑ ግማሽ ሰው ሆነው ቤት አይገቡም። ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ ሰዎች የእሁድ ጠዋት ክፍለ ጊዜ መቼ እንደሚጀምር ቀድመው ይጠይቁ፤ ይህን ሳይጠይቁ ገብተው ሙሉ ሴሚስተር ሲብሰለሰሉ የከረሙ አውቃለሁ።

ክረምት በዋናነት የመምህራን መንገድ ነው፤ በዲፕሎማ እያስተማሩ ዲግሪያቸውን በክረምት የሚያሟሉ ብዙ ናቸው። ከገጠር ወረዳ ለሚመጣ ሰው ዋናው ወጪ ክፍያው ሳይሆን ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ከተማ ውስጥ የሚከራየው ክፍል ነው።

ርቀት ትምህርት ራሱን መግዛት ለሚችል ሰው ነው። ሞጁሉ ቤት መጥቶ ይቀመጣል፤ ካልከፈቱት ራሱ አይከፈትም። የጤና ሙያን «በርቀት እናስተምራለን» የሚል ካጋጠመዎት ዞር ብለው ይሂዱ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልግባ ወይስ የግል ኮሌጅ?

ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረ አንጋፋ ነው፤ ዲግሪው ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅዎ የለም። የሚከፈተው የትምህርት ዓይነት ግን በተመዝጋቢ ቁጥር ይወሰናል፤ የፈለጉት ትምህርት በቂ ሰው ካላገኘ ላይከፈት ይችላል። ግቢዎቹም የተራራቁ ናቸው፤ ሕግና ማኅበራዊ ሳይንስ ማራኪ ነው፣ ጤናው ሆስፒታሉ ጋ ነው፣ ቴክኖሎጂው አፄ ፋሲል ካምፓስ ነው። ስለዚህ «ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» ከማለትዎ በፊት የትኛው ግቢ እንደሚሄዱ ይወቁ።

የግል ኮሌጅ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ በሰዓትም በምዝገባም የሚቀሉ አሉ። ጥንቃቄው ፈቃዱ ላይ ነው። የዲግሪ ፕሮግራም ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዕውቅናው ለኮሌጁ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለመደበኛው፣ ለማታውና ለርቀቱ ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ አካውንቲንግ የተፈቀደለት ኮሌጅ ጎንደር ቅርንጫፉ ላይ ላይፈቀድለት ይችላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ሲያዩ ሦስት ነገር ያንብቡ፦ የትምህርቱን ስም፣ የካምፓሱን ስምና የሚያበቃበትን ቀን። ቀጥሎ የባለሥልጣኑን ዝርዝር ያመሳክሩ። «በሂደት ላይ ነው፣ በቅርቡ ይወጣል» ካሉዎት፣ ይውጣና ያን ጊዜ ይመዝገቡ። በእኔ ሰፈር በዚህ ቃል አምነው ዓመታት የተማሩ፣ ዲግሪያቸው ሲመሳከር ግን «አናውቀውም» የተባሉ ሰዎች አሉ። ገንዘቡ ይተካ ይሆናል፤ ማታ ማታ የተቀመጡበት ጊዜ ግን አይተካም።

ስንት ያስወጣል?

ክፍያው በክሬዲት አወር፣ ማለትም በየኮርሱ የሰዓት ክብደት ነው። ዋጋው እንደ ተቋሙ ስለሚለያይ ቁጥር እዚህ መጻፉ ያሳስታል። ሲጠይቁ «በሴሚስተር ስንት ነው?» ብለው አያቁሙ፤ «ዲግሪው ሲያልቅ ስንት ክሬዲት ነው? በየዓመቱ ይጨምራል ወይ?» ይበሉ። ከዚያ መመዝገቢያ፣ ሀንድአውት ማባዣ፣ ትራንስፖርት፣ የሪሰርች ማሳተሚያና መጠረዣ ይጨምሩበት። የማታው ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ከመደበኛው አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚረዝም ሒሳቡን በዚያው ልክ ያስረዝሙት። የሚከፍሉት ከእቁብ ከሆነ ዕጣው ከምዝገባው በፊት እንዲደርስዎ ከሰብሳቢው ጋር ይነጋገሩ፤ እቁብተኞች ለትምህርት ሲባል ብዙ ጊዜ ይተዛዘናሉ።

መሥሪያ ቤቴ ሊፈቅድልኝ ይገባል?

የድርጅት ሠራተኛ ከሆኑ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትምህርት ፈቃድ አሰጣጥም ሆነ የገንዘብ ድጋፉ የሚወሰነው በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ነው። ስለዚህ የድርጅትዎን ሰነድ ያንብቡ፤ «አይፈቀድም» የሚልዎ አለቃ ራሱ ያላነበበው ሊሆን ይችላል። ክፍያውን ከሸፈኑልዎ ከተመረቁ በኋላ የሚያገለግሉበት ዓመት በውሉ ላይ አለ፤ ሳይፈርሙ ይቁጠሩት።

ሌላው፣ የሚማሩት ትምህርት ለደረጃ ዕድገት የሚያዝልዎ መሆኑን ከሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ተዛማጅ አይደለም» የሚባለው መልስ ከምረቃ በኋላ ሲመጣ ያማል።

እንግሊዝኛውም ሒሳቡም ጠፍቶብኛል።

የሁሉም ይጠፋል። ለፍሬሽማን ኮርሶች የተዘጋጁት ሞጁሎች በሶፍት ኮፒ ይገኛሉ፤ ከምዝገባው በፊት ባለው ክረምት የሒሳቡንና የእንግሊዝኛውን ያውርዱና ይግለጡ። የሒሳቡ ሞጁል ከከበደ አያፍሩ፣ ወደ 11ኛ ክፍል መጽሐፍ ይመለሱ። ቤት ውስጥ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጅ ካለዎት ደግሞ አስጠኚ ቤትዎ ውስጥ አለ ማለት ነው። ልጅ አባቱን ሲያስጠና በትዕግሥት ነው ብዬ ቃል አልገባም።

እንግሊዝኛው ላይ ትልልቅ ሰዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ሁሉንም ቃል በመዝገበ ቃላት እየፈለጉ አንድ ገጽ ላይ ያመሻሉ። የየትምህርቱ ቃል ውስን ነው፤ ተደጋግሞ የሚመጣውን ደብተር ጀርባ ላይ ጽፈው ይያዙ፣ የቀረውን ይለፉት።

አስተማሪው ከልጄ እኩል ነው። ምን ብዬ ልጥራው?

«መምህር» ይበሉት፣ «እርስዎ» ይበሉት። እሱም እርስዎን አንቱ ማለቱ አይቀርም፤ እንዲህ ተከባብሮ ትምህርቱ ይሄዳል። የክፍል ልጆቹ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ቢሉዎት ደግሞ ይቀበሉት። ግሩፕ አሳይመንት ሲመጣ ግን ጋሼነት ከሥራ አያስጥልም፤ «እርስዎ ይረፉ፣ እኛ እንሠራለን» ይሉዎታል። እሺ ካሉ ኮርሱ ያልፋል፣ እርስዎ ግን ሳያውቁት ያልፋል፤ ውሎ አድሮ የመውጫ ፈተና ላይ ይመጣል።

የመውጫ ፈተና ለማታ ተማሪም ነው?

አዎ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛም፣ በማታም፣ በርቀትም የተማረ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ይፈተናል። በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ 100 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት ፈተና ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ያላለፈ ሰው ደግሞ መፈተን ይችላል፤ ዲግሪውን የሚያገኘው ግን ሲያልፍ ነው።

ለትልቅ ሰው የሚከብደው ጥያቄው ብቻ አይደለም፤ ማውዙም ጭምር ነው። ከዓመት በፊት ኮምፒውተር ቤት እየሄዱ ሞዴል ፈተና በሰዓት ይለማመዱ። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ከየትኞቹ ኮርሶች እንደሚወጣ የሚገልጽ ሰነድ አለ፤ ሁለተኛ ዓመት ሲገቡ ይያዙት፣ የእነዚያን ኮርሶች ደብተርም አይጣሉ።

ማኅበራዊ ኑሮዬን ምን ላድርገው?

ጎንደር ላይ ይህ ጥያቄ ከሒሳቡ ይከብዳል። ጥር ሲመጣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፋይናል፣ ጥምቀትና ሠርግ ተደርበው ሊመጡ ይችላሉ። ለጥር 11 እንግዳ ከአዲስ አበባም ከውጭም ይገባል፣ ቤትዎ ይሞላል፣ ከተማው ከሳምንት በፊት ጀምሮ አይተኛም። ፈተናው ደግሞ ከጥምቀት ማግስት ሊሆን ይችላል። እንግዳ አልቀበልም ማለት አይቻልም፤ አልመክርዎትምም። የሚቻለው፣ የአካዳሚክ ካላንደሩን መስከረም ላይ ወስዶ ለቤተሰብ ማሳወቅና አሳይመንቶችን ከገና በፊት መጨረስ ነው።

ለቅሶ ሌላ ነው። ለቅሶ አይቀርም፤ መምህሩም ጎንደሬ ከሆነ ይገባዋል፣ ካልሆነም ይነግሩታል። እድሩን ግን አስቀድመው ያነጋግሩ፤ ባል ወይም ሚስት ወይም ትልቅ ልጅ እንዲተካዎት ያስመዝግቡ። በየወሩ የሚጠጣ ማኅበር ካለዎት ተራዎን ወደ ክረምት ያዛውሩ።

ቤት ውስጥ ያለውን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ወንድ ሲማር ቤቱ «አባታችሁ እያጠና ነው» ተብሎ ጸጥ ይላል። ሴት ስትማር ግን ሽሮውም፣ የልጁ የቤት ሥራም፣ እንግዳውም ይጠብቃታል፤ እሷ የምታጠናው ሁሉ ሲተኛ ነው። ከምዝገባው በፊት ማን እንጀራውን እንደሚጋግር ወይም እንጀራ ከውጭ እንደሚገዛ፣ ልጆቹን ማን ከትምህርት ቤት እንደሚቀበል ተነጋግራችሁ ጨርሱ። «እንረዳዳለን» የሚል አጠቃላይ ስምምነት እስከ ኅዳር እንኳ አይቆይም፤ ቀንና ሥራ ተለይቶ ይነገር።

ማስተርስስ?

የመጀመሪያ ዲግሪ ካለዎት መንገዱ አጭር ነው፤ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያልፋሉ፣ ከዚያ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስልካሉ። ፈተናው ሒሳብና እንግሊዝኛ ስላለበት ከላይ ያልኩት ክለሳ ለዚህም ይሆናል።

መቼ ልጀምር?

ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ ከነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይወጣል፤ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ የሚቀበሉም አሉ። ወረቀት የማሰባሰቡን ሥራ ግን ሰኔ ላይ ይጀምሩ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ፈራሚው ዕረፍት ይወጣል፣ መዝገብ ቤቱ ቁልፍ የያዘው ሰው የለም ይባላል። ስም የማስተካከል ጉዳይ ካለብዎ ከዚያም ቀድመው፣ ከፋሲካ ማግስት ይነሡ።